ለሸለቆው ወዳጆቼ ሁሉ

የባርተሌሚን የሞት ወሬ ከሰማን በሰባተኛው ሳምንት ደብዳቤው መጣ።

ፖስተኛው በረዶውን ከጫማው ሳያራግፍ ነው በእጄ ያስያዘኝ። «ጁዲታ፣ ይሄን አንቺ ያዢው፤ እኔ ለእናቱ ወስጄ የመስጠት አንጀት የለኝም» አለና ቁልቁል ወደ ቶሬ ከተማ ሮጠ ማለት ይቻላል። ፖስታው ውሃ ገብቶበት የደረቀ ነው፤ ጠርዙ እንደ ቅጠል ተጨማዷል። ከጀርባው አንድ የማላውቀው ሰው «ጀልባ ሰምጦ የተገኘ» ብሎ ጽፎበታል። አድራሻው ግን የባርተሌሚ ሪቩዋር የእጅ ጽሑፍ ነው። ቃላቱን ሁሉ ወደ ቀኝ አጋድሞ፣ ነፋስ እንደገፋው አጃ አድርጎ የሚጽፍ ሌላ ሰው አላውቅም።

«ለአንግሮኛ ሸለቆ ወዳጆቼ ሁሉ» ይላል። የኔ ብቻ አይደለምና አልከፈትኩትም። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ በሽርጤ ኪስ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ሐር ፋብሪካው ውስጥ የፈላ ውሃ ላይ ጎንበስ ብዬ የሐር ክር ስስብ ወረቀቱ ጭኔን ይነካኛል። እዚያ ኪስ ውስጥ አንድ መሞቱን ገና ያልሰማ ሰው አለ። በነካኝ ቁጥር ያ ሰው ሊያናግረኝ የፈለገ ይመስለኝ ነበር።

እኛ ዘንድ ሚሲዮናዊ ለአንድ ሰው አይጽፍም። አንድ ወረቀት ለሁሉ ነው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በጎረቤታችን በካትሪን የላም በረት እንሰበሰባለን። በክረምት ከላሞች ትንፋሽ የተሻለ ምድጃ የለም፤ ማገዶም አይጠይቅም። እዚያ ይነበባል፣ ከዚያ ከመንደር መንደር እየተሸከሙት እጥፋቱ እስኪቀደድ ይዞራል። አንባቢዋ እኔ ነኝ። ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ የፋብሪካ ልጅ ነኝ፤ ደብዳቤዎቹ የሚጻፉበትን ፈረንሳይኛ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከአንድ ሽፋኑ ከጠፋ የዘመን መቁጠሪያ ብቻዬን ነው የለቀምኩት። የአስተማሪው ሴቶች ልጆች ያነቡ ነበር፤ ሲያነቡ ግን ደረቅ ዳቦ የሚያኝኩ ነው የሚመስሉት። ስለዚህ ወረቀቱ ወደኔ ዞረ። ለማንም አመሰግናለሁ አላልኩም።

ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ የባርተሌሚን «እኔ» በኔ አፍ አልኩት። እኔ ደህና ነኝ፣ እኔ ወንዙን ተሻገርኩ፣ እኔ ናፈቅኳችሁ። ካትሪን «ጁዲታ ስታነብ ባርቶ ራሱ እዚያ ግርግም አጠገብ የቆመ ይመስለኛል» ትል ነበር። ከሞተ ወዲህ ይህን ማለት ተወች። ሌሎቹም ግርግሙ አጠገብ መቀመጥ ተዉ።

እናቱ ማዳም ሪቩዋር የዱቄት ወፍጮው ባለቤት መበለት ናቸው። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ወተት የፈሰሰባቸው ይመስላሉ፤ ጥላ እንጂ መልክ አይለዩም። በረት ሲመጡ ወንበር ይመጣላቸዋል፣ እኛ ጭድ ላይ እንቀመጣለን። ስለኔ የሚሉትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ «እጇ የተቀቀለ የሐር ትል ይሸታል።» እውነታቸውን ነው፣ ይሸታል። እኔም «አንገታቸው ላይ ያለውን ሻርፕ የሳበው ይሄው የሚሸተው እጅ ነው» ብዬ፣ ቃሉ እንዲደርሳቸው ወሬ ለማይቋጥር ሰው ነገርኩ። ደረሳቸው።

ባርተሌሚ በሚሲዮናዊነት ባሕር ማዶ ሊሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረው በወፍጮው ቦይ ዳር ቆመን ነበር። ውሃው ይጮሃል፤ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነው የተሰነባበትነው።

«እጽፍልሻለሁ» አለኝ።

«ለብቻዬ?»

«ለብቻሽ ነዋ።»

«እንዳትጽፍ! እናትህ በበራቸው ያላስገቡኝን እኔን አንተ በፖስተኛ ቦርሳ ደብቀህ አታስገባኝም። የምትለኝ ካለ ሰው ሁሉ እየሰማ በለኝ።»

«አይ ያንቺ ነገር!» ሳቀና የመዝሙር መጽሐፉን ከኮቱ ኪስ አወጣ። «እሺ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ እልሻለሁ። እንደውም ሰው ሁሉ እየዘመረ።»

እንዳለውም አደረገ። በየደብዳቤው መጨረሻ አንድ የመዝሙር ቁጥር ጠርቶ «ይህን ዘምሩልኝ» ይላል፤ እኛም እንዘምራለን። ያ ቁጥር የኔ ደብዳቤ ነው። አጎቴ ፒየር፣ የሁላችንም አጎትና የመዝሙር መሪያችን፣ የፍየል ጢማቸውን አንስተው በዚያ በርሜል በሚያክል ድምፃቸው «ስምህን እየጠራሁ ነጋልኝ» ሲሉ፣ ሠላሳ ሰው ተከትሏቸው ሲያስተጋባ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ካልሲ እሠራለሁ። ሸለቆው በሙሉ ለኔ ፍቅር እየነገረኝ አንድም ሰው አያውቅም። ከዚያ በላይ ሀብታም የሆንኩበት ቀን የለም። እኔ ስመልስ ደግሞ በጋራው መልስ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ቤት አንድ መስመር ይጻፋል፤ ከሞኔ ቤት፣ ከኛ ማለት ነው፣ መስመሩን የምጽፈው እኔ ነኝና ቁጥሬን እዚያ አስገባለሁ።

ከዚያ ካቻምና በገና ፓስተሩ አዲሱን የመዝሙር መጽሐፍ አመጡልን። ማለፊያ ኅትመት፣ ነጭ ወረቀት። አሮጌውን ያመጣ አዲሱን በግማሽ ዋጋ ይወስዳል ተባለ፤ ሁላችንም አመጣን። አሮጌዎቹ በጆንያ ታስረው ወደ ወረቀት ፋብሪካ ወረዱ። በሁለተኛው ወር የባርተሌሚ ደብዳቤ ደረሰ፣ መጨረሻውም «ዘጠና አንድን ዘምሩልኝ» ነበር። ገለጥን። የቀብር መዝሙር ነው።

«ምን ነካው ይሄ ልጅ» አለች ካትሪን፣ «በቁማችን ሊቀብረን ነው?» ተሳቀ። ከዚያ ተዘመረ፦ «እጄን ልቀቁኝ ወዳጆች፤ መንገዴ ከእናንተ ተለየ።»

እስከ መጨረሻው ስንኝ ዘመርኩ። አንድ ቃል አልጎደለብኝም። ማዳም ሪቩዋር በወተታማ ዓይናቸው ወደኔ በኩል ዞረው ነበር፤ ፊታቸው ላይ እርጋታ አየሁ፣ ወይም ያየሁ መሰለኝ። አሸነፉኝ አልኩ። በሚስጥር ጽፈውለት ይሆናል፣ አንዷን የፓስተር ልጅ መርጠውለት ይሆናል። ካልሲውን አስቀምጬ መልሱን ጻፍኩ፦ «ከሞኔ ቤት፦ ሁላችን ደህና ነን። መቶ አሥራ ሁለትን ዘምርልን።» መቶ አሥራ ሁለት «ሂድ በሰላም፣ አንጠራህም» የሚለው ነው። እጄን ልቀቂኝ ያለ ሰው ሁለት ጊዜ አይለመንም። ያን ቀን በዚህ ኮርቼ ነበር።

ከሸለቆው አንድ ባልና ሚስት በሰኔ ሥራውን ሊያግዙት ወደሱ ሄዱ። ባለፈው ጥር የነሱ ደብዳቤ መጣ፤ ያንንም ያነበብኩት እኔ ነኝ። ባርተሌሚ በጥቅምት መጨረሻ የወንዙ ጀልባ ማረፊያ ላይ በንዳድ ሞቷል። ሲደርሱ በሕይወት ነበር። «ስንት ሆናችሁ መጣችሁ?» ብሎ ጠየቀን፤ ሁለት አልነው፤ ደግሞ ጠየቀን፤ ትኩሳቱ ነው ብለን ተውነው ይላል ደብዳቤው። በረቱ በሙሉ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። እጁን ያስለቀቀኝ ሰው ነው፤ በምን መብቴ?

እንግዲህ እሑድ ደረሰና የሞተው ሰው ደብዳቤ በሽርጤ ኪስ ሆኖ በረት ገባሁ።

ማንም አልቀለደም። ካትሪን ጭዱን ቀይራለች። አጎቴ ፒየር ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ቀብር ተቀምጠዋል። ማዳም ሪቩዋር ከወንበራቸው ላይ «መጥታለች?» አሉ።

«አለሁ ማዳም።»

«አንብቢ። ብቻ እንዳታለቅሺ። የልጄን ድምፅ በእንባ እንዳታበላሺብኝ።»

ወረቀቱን ስከፍት የወንዝ አሸዋ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ።

«ለሸለቆው ወዳጆቼ ሁሉ። መልሳችሁ በሰኔ ደረሰኝ። ከዚያ ወዲህ ያልጻፍኩት እጄ ጭቃ ስለሆነ ነው። ቤት እየሠራሁ ነው። በምሥራቅ በኩል ሰፊ መስኮት አወጣሁለት። እዚህ ያሉ ሰዎች፣ ሚስት የሌለው ሰው መስኮት የሚከፍተው ማን እንድታይለት ነው እያሉ ይስቁብኛል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና ዋጠው። እኔም ድምፄ የሱን አካሄድ እየያዘ ሲሄድ ተሰማኝ፤ እሱ የሚያርፍበት ቦታ እያረፍኩ፣ እሱ የሚፈጥንበት እየፈጠንኩ። ግርግሙ አጠገብ ያለችው ላም ራሷን ቀና አደረገች። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ አላየሁም። ላለማየት ታገልኩ።

«አመሻሽ ላይ የሰጣችሁኝን መቶ አሥራ ሁለትን እዘምራለሁ፦ እነሆ ተነሣሁ፣ ጫማዬን አሰርኩ፣ ወደ ጠራኸኝ እመጣለሁ። አሁንማ ጀልባ ቀዛፊዎቹ ሁሉ ዜማውን ለምደውታል።»

ቆምኩ። መስመሩን በዓይኔ ብቻ ደግሜ አነበብኩት። እኔ የላክሁት ይህን አይደለም።

አጎቴ ፒየር ቀና አሉ። «ይሄማ የድሮው ነው» አሉ ጢማቸውን እያከኩ። «በአሮጌው መጽሐፍ መቶ አሥራ ሁለት እሱ ነበር። በአዲሱ ነው ‹ሂድ በሰላም› የሆነው። ምስኪን፣ አዲሱን ማንም አልላከለትም እኮ።»

ማንም አልላከለትም። የሱፍ ካልሲ ልከንለታል፣ የደረቀ ፍራፍሬ ልከንለታል፣ የጎመን ዘር ልከንለታል። ሠላሳ ሰው አዲስ መጽሐፍ ይዞ እየዘመረ፣ አሮጌው በሱ ኪስ መቅረቱን አንዳችንም አላሰብንም። እኔም አላሰብኩም። ከሁሉ በላይ እኔ!

«አጎቴ ፒየር» አልኩ። «ዘጠና አንድስ? በድሮው ዘጠና አንድ የትኛው ነበር?»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቃሉን ከማግኘታቸው በፊት ዜማውን አገኙት፤ በጉሮሯቸው ትንሽ አንጎራጎሩና አወጡት፦ «በሬን ከፍቼ እጠብቃለሁ፤ ቤቴ የእግርህን ኮቴ ይናፍቃል።»

ና ብሎኝ ነበር። ነዪ፣ በሬ ክፍት ነው ብሎኝ ነበር፤ እኔ ሂድ አልኩት፤ እሱ ደግሞ ሂድ ማለቴን መጣሁ ብሎ ሰማ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ብርድ የበረቱ ላሞች ሁሉ ቢተነፍሱብኝ አያሞቁትም ነበር።

«ምን ቆመሻል?» አሉ ማዳም ሪቩዋር። «ልጄ አልጨረሰም።»

አልጨረሰም። ቀጠልኩ፤ እሱ ነው የቀጠለው ብል ይሻላል።

«ከሸለቆው ሁለት ወዳጆች በመንገድ ላይ መሆናቸውን ሰማሁ። ስለ ሦስተኛዋ ማንም አልነገረኝም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። ነገ ወደ ወንዙ ማረፊያ እወርዳለሁ። ሽማግሌዎቹ፣ የታችኛው ረግረግ በዚህ ወር ሰው ይበላል፣ ዝናቡ ይለፍ ይሉኛል። ልክ ናቸው። ግን ያን ሁሉ አገር አቋርጣ የመጣች ሰው ዳርቻው ላይ ስትወርድ የሚቀበላት ማጣት የለባትም። በዚህ ጊዜ መዝሙር አላዝዛችሁም። ከእንግዲህ የምለውን በአፌ እነግራታለሁ። ወዳጃችሁ ባርተሌሚ።»

ወረቀቱ አለቀ። የማንም እጅ ወደ መዝሙር መጽሐፍ አልሄደም።

«ሦስተኛዋ ማናት?» አሉ ማዳም ሪቩዋር።

ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቅም፤ ሚስጥሩ እዚያ ወንዝ ዳር ተቀብሯል። ሦስተኛዋ የትኩሳት ሕልም ናት ተብሎ ይታለፋል፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ አንገቴን ቀና አድርጌ እሄዳለሁ። ግን ገና አሁን በኔ አፍ የተናገረ ሰው ነው። በዚያው አፍ እንዴት ብዬ ልካደው?

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ ማዳም። የሚዘመሩት ቁጥሮች ለኔ ነበሩ። ዘጠና አንድ ብሎ ነዪ አለኝ፤ እኔ በአዲሱ አይቼ ተለየሁሽ ያለኝ መሰለኝ። መቶ አሥራ ሁለት ብዬ ሂድ አልኩት። እሱ በአሮጌው አይቶ መጣሁ ያልኩት መሰለው።»

«ስንት ሆናችሁ መጣችሁ ያለውስ...»

«እኔን ሲቆጥር ነው።»

ካትሪን መሐል ገባች፤ «ማዳም፣ ልጅቷ ምን ታድርግ? ቁጥሩ እኮ ነው ያሳሳታት...»

«ካትሪን፣ ላሞችሽን ጠብቂ!» አሉ ማዳም ሪቩዋር። ከዚያ ወደኔ፦ «ቁጥር አይደለም ልጄን የገደለው። ሰው ለምን በቁጥር ይነጋገራል? በሬን ስለዘጋሁባችሁ ነው፤ እንደዚያ ልትይ ነው አይደል? በይ! አፍሽ ስለታም ነው ይሉኛል፤ በይው እንጂ!»

«እርስዎ በርዎን ዘጉ» አልኩ። «እሱ ግን በፖስታ ሊጽፍልኝ ነበር፤ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ በሩን ዘጉ፣ እኔ ከውጭ ሆኜ ቁልፉን አዞርኩት። ‹ምን ማለትህ ነው?› ብዬ አንዲት መስመር ብጽፍ ኖሮ መልሱ እስኪመጣ ወደዚያ ረግረግ ሳይወርድ ይጠብቅ ነበር። አልጻፍኩም። ኮራሁ። የሚሸት እጅ ሲለምን አይተው እንዳይስቁብኝ ፈራሁ።»

«ትወጂው ነበር?»

«ማዳም፣ ይሄ ሁሉ ሰው...»

«ሰው ሁሉ እየሰማ!» ወንበራቸው ሲጥ አለ። «እኔ ፊት አላይም። በድምፅ ነው የማውቀው። ትወጂው ነበር?»

«እወደዋለሁ» አልኩ። ነበር የሚለውን ቃል ምላሴ አልጨመረውም።

 አሁን ያወጡኛል አልኩ፤ ከዚያ ከሸለቆው ያወጡኛል፤ መውጣቱንም ፈለግሁት። ማዳም ሪቩዋር እጃቸውን ዘረጉና ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። አላነበቡትም፣ አይችሉም። ወረቀቱን በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳበሱት፤ ውሃ ያጨማደደው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ለዚህ ደብዳቤ መልስ አልተጻፈም» አሉ።

ሁላችንም ተያየን። «ማዳም፣ እሱ እኮ...» አሉ አጎቴ ፒየር።

«መሞቱንማ ከናንተ በላይ አውቃለሁ። ለደብዳቤ መልስ ይጻፋል። ከዚህ ሸለቆ ወጥቶ መልስ የተነፈገ ሚሲዮናዊ የለም፤ በልጄ አይጀመርም። ባልና ሚስቱ መቃብሩ ላይ ቆመው ያንብቡለት። ወረቀት አምጡ።»

ካትሪን ቀለሙን ብርዱ እንዳያረጋው ከብብቷ ሥር አሙቃ ሰጠችኝ። የወተት ባልዲ ገልብጬ እንደ ጠረጴዛ ተጠቀምኩበት።  ከዚያ አጎቴ ፒየር ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦ «ከፒየር ቤት፦ መጽሐፉን ስላልላክንልህ ይቅር በለን ልጄ።» ካትሪን ቀጠለች፦ «ከካትሪን ቤት፦ ቀይዋ፣ አንተ የምታውቃት፣ ሴት ጥጃ ወለደች» አለችና ፊቷን በላሟ ጎን ሸፈነች። ሌሎቹም ተናገሩ። ጣሪያ ስለሰበረ በረዶ፣ ስለ አዲስ ድልድይ፣ ስለ ተወለደ ሕፃን። ለሞተ ሰው የምንጽፍ መሆናችንን የረሳን ይመስል ድምፃችን እየሞቀ ሄደ። እኔ እየጻፍኩ ብርዱ አልለቀቀኝም። ወረቀቱ በሞላ ቁጥር ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያነብ ሰው ያለ ያህል አንገቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። አልዞርኩም። እንዲሄድም አልፈለግሁ።

«ከሪቩዋር ቤት» አሉ ማዳም በመጨረሻ።

«ከሪቩዋር ቤት» ብዬ ጻፍኩና ጠበቅሁ።  «ምን ልበል ማዳም?»

«እኔ የምለውን የሄደ ለት ብዬዋለሁ፤ ምን እንዳልኩት እሱ ያውቃል፣ እግዜርም ይቅር ይበለኝ። መስመሩን አንቺ ጨርሺው።»

«የኛ ቤት መስመር ገና ነው፤ እኔ ከሞኔ ቤት ስር...»

«እኔ የቱ ጋ እንደምትጽፊ ነግሬሻለሁ» አሉ። «የጎደለችው ሰው ከየትኛው ቤት እንደሆነች ይወቅ።»

ብዕሩ ከበደኝ። ሪቩዋር የሚለው ስም አጠገብ የኔ ቃል ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። ከዚህ በፊት ቁጥር እንጂ ቃል ለሱ ጽፌለት አላውቅም፤ እንዴት እንደሚጀመር አላወቅሁበትም። ሰው ሁሉ ጠበቀኝ። ጻፍኩ፤ አጭር ነው፣ ሦስት መስመር አይሞላም።

«ጮክ ብለሽ አንብቢው» አሉ ማዳም ሪቩዋር።

«ባርተሌሚ። እኔ ሂድ ብዬህ ነበር፤ አንተ መጣሁ ብለህ አነበብከው። አንተ እንዳነበብከው ይሁን። ጁዲታ።»

በዚያ በረት ውስጥ ከወረቀት ላይ የራሴን እኔ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነበር። ድምፄ ቀጭንና የተሰባበረ ሆኖ ወጣ፤ የሱ አካሄድ አልነበረውም፣ የማንም አልነበረውም። ማዳም ሪቩዋር ግን ወተታማ ዓይናቸውን ወደዚያ ድምፅ አዞሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጃቸው ሌላ ሰው የሚፈልጉ ይመስል ነበር። እኔም እስከዚያ ሰዓት ድረስ ያቆየሁትን እንባ ሰው ሁሉ እያየ ለቀቅሁት።